ግንባሬ ላይ የበቀለው

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ። ጠዋት 12፡40

ዛሬም በጣት። መስታወት ሳላይ፣ መብራት ሳላበራ፣ በጣት። ከግራ ጆሮ ግንዴ ወደ ላይ፣ ከዚያ በግንባሬ ዳር ወደ ቀኝ። ያው ነው። ይጎረብጣል። ስገላበጥ ትራሱ ላይ ይሰማኛል ብልሽ ታምኚኛለሽ ደብተሬ? ኮሽ ኮሽ ይላል። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ነው የሚመስለው።

አምስት ወር ሆነው። ግንቦት ላይ ነው የሸሸው ግንባሬ ላይ ፀጉር ያስተከልኩት። መጀመሪያ ረገፈ። ይረግፋል ተብዬ ስለነበር አልደነገጥኩም። ሐምሌና ነሐሴ ባዶ። መስከረም ላይ ብቅ ሲል ከደስታ አለቀስኩ። ያኔ የሕፃን ፀጉር ነበር የሚመስለው፤ ስስ፣ ለስላሳ። አሁን የጣት አንጓ ያህል ሲሆን ጠባዩ ወጣ። ደረቅ። ወፍራም። ከርዳዳ። አይተኛም፣ ወደ ላይ ይቆማል። ከኋላ ያለው ደግሞ ያው የድሮው ዞማ፣ ትከሻዬን አልፎ የሚወርደው። ከፊት የሌላ ሰው፣ ከኋላ የኔ።

ሰርቪስ 1፡10 ላይ ነው። ሻሽ አሰርኩ። የብስኩት ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ መሥራቴ የበጀኝ ዘንድሮ ነው። ሻሹን አውልቄ የፀጉር መረቡን አጠልቃለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ማንም የማንንም ፀጉር አያይም።

የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰኒ። ሰናይት። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ፤ ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ደግሞ ፀጉሬን የምትሠራኝ። አሥራ አራት ዓመት ሌላ እጅ ነክቶት አያውቅም። በሰቃ ሰፈር ፀጉር ቤት አላት። እማዬ እንኳ አታውቅም። ለእማዬ ጸበል ልሰነብት ነው ብዬ ነው የጠፋሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 10

ሰኒ ጋ ነበርኩ። ደንበኞቹ እስኪወጡ ጠበቅኩ። መጋረጃውን ዘጋች፣ ሻሼን ራሷ ፈታችው። አየችው። ከዚያ «ያልፋል ትርሲ፣ አዲስ ስለሆነ ነው» አለች።

አጠበችው። ዘይት ቀባችው። ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገባችኝ። ምንም። መተኮሻውን ይዛ በጥንቃቄ ሞከረችው፤ ጥቂት ተጠጋጋና ተኛ፣ ደስ አለኝ። የሻይ ውኃ ጥዳ ሻይ እስክንጠጣ ግንባሬ አላበውና ተነሣ። ተመልሶ ቆመ! ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን ሳቄ ቶሎ አለቀ።

ቅጥያ አስገብቼ አጥብቄ ልያዘው፣ ማንም አያውቅብሽም አለችኝ። ሐኪሙ ከልክሎኛል አልኳት። እንደመቀየም አለች። እጇን ታውቂዋለሽ ደብተሬ፣ ስንት ጊዜ ጽፌልሻለሁ፤ ራሴ ላይ ሲያርፍ እንቅልፌ የሚመጣበት እጅ ነው። ስልኳን ከኋላዬ መታጠቢያው ጋ አቁማው ነበር። ዘፈን ልትከፍት መስሎኝ ነበር፤ ረሳችው መሰለኝ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ። ከሰዓት 11

ፈቃድ ወስጄ ቦሌ፣ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሳሪስ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ቆምን።

ሐኪሙ ዳሰሰው፣ በአጉሊ መነጽር አየው፣ ፈገግ አለ። በደንብ ይዟል አለ። መያዙንማ ይዟል፣ ግን የኔ አይደለም አልኩት። የራስሽ ነው አለ። ከማጅራትሽ ነው የወሰድነው። የማጅራት ፀጉር ከግንባር ፀጉር ይለያል፣ የትም ቢተከል የመጣበትን ጠባይ ይዞ ይመጣል። በዚያ ላይ ከተተከለ በኋላ ለጊዜው ይሻክራል፣ ይከረደዳል። ዓመት፣ ዓመት ተኩል ሲሆነው ብዙውን ጊዜ ይለሰልሳል።

ብዙውን ጊዜ። ሁልጊዜስ? ስለው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ይሄ ለምን ቀድሞ አልተነገረኝም አልኩ። ፈርመሻል አለኝ። ወረቀቱን አስመጣው። አራት ገጽ፣ በእንግሊዝኛ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር። አንድ! ኬሚስትሪ የተማርኩ ሰው፣ የብስኩት እርጥበት እንኳ ሁለቴ ሳልለካ የማልፈርም ሰው፣ የራሴን ራስ ሳላነብ ፈረምኩ። ነርሷ የተለመደ ቅጽ ነው ስትል አመንኳት። ያን ቀን ያሳዩኝ ፎቶ በሙሉ ለስላሳ ነበር። አንድም ከርዳዳ አላሳዩኝም።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። ለማወዳደር የድሮ ፎቶ ካለሽ አለኝ። ስልኬ ላይ የአንዲት ባልደረባዬ ሰርግ አለ፣ የዛሬ ሰባት ዓመት። ቁጥርጥር ተሠርቼ፣ ዓይኔ ሁሉ ተወጥሮ። አጉልቶ አየው። ያኔም ሸሽቶ ነበር እኮ አለ። ይኸው፣ ጆሮ ግንድሽ ጋ። አጥብቆ መሠራት ያመጣው ነው። የሚሠራሽ ሰው ሳያየው አይቀርም።

እንደ ዋዛ ነው የተናገረው። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ ፎቶውን ከፍቼ እስከ ቃሊቲ መጣሁ።

ሰኒ ብታየው ኖሮ ትነግረኝ ነበር። ትነግረኝ ነበር።

ጥቅምት 24፣ እሑድ። 8 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ

ከእማዬ ቤት አሁን ተመለስኩ።

ከቤ/ክ መልስ እሷ ጋ በሰቃ ምሳ በላን። አባቴ ከባቡር ሥራው በጡረታ ሲወጣ የገዛው ቤት ነው፣ ያው እንደምታውቂው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እስቲ ነይ አለችኝ። ጸበሉ ረድቶሽ እንደሆነ ልየው። ራሴን አሞኛል፣ ሌላ ቀን አልኩ። ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀን፣ አምስት ወር አለች። ሻሼን ሳበችው።

ዓይኗ ደክሟል፣ በደንብ አታይም። በእጇ ነው ያየችው። ከኋላ ጀመረች፣ ልጅ ሆኜ እንደምታደርገው ከሥር እያበጠረች በጣቷ። ፈገግ ብላ ነበር። ከዚያ እጇ ግንባሬ ላይ ደረሰ። ቆመ።

«ይሄ የማነው?» አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። ክሊኒኩን፣ መርፌውን፣ ማጅራቴን። ፀጉሩ አላናደዳትም። «በጸበል ስም?» አለች። «እኔ ለጎረቤት ሁሉ ልጄን ጸበል ረዳት ብዬ ተናግሬያለሁ። ስዕለት ገብቻለሁ።» ነጠላዋን ወደ ፊቷ አነሣች። ሳህኑን እንዳጥብ እንኳ አልፈቀደችልኝም።

ተታለልኩ እያልኩ ስጽፍልሽ ከረምኩ። እማዬን ያታለልኳትስ ማነኝ?

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ። 7፡20፣ ላብራቶሪ

ይሄን በሥራ ሰዓት እየጻፍኩ ነው። የማሽን ሪፖርቱ ይጠብቅ።

ምሳ ላይ ሐያት አጠገቤ ነበረች። ሐያት ከእኔ ጋር የምትሠራ ልጅ ናት፤ ወሎዬ፣ ዝምተኛ፣ ሂጃቧ የማይዛነፍ። ቲክቶክ እያየች ትስቃለች። ተመልከቺማ ትርሲት፣ ሰው ራሱን ምን እንደሚያደርግ አለችኝና ስልኩን ሰጠችኝ።

ራስ ነው። ከኋላና ከጎን የተቀረጸ፣ ውኃ እየፈሰሰበት። ፊት አይታይም። አንድ እጅ ከኋላ ያለውን ረጅም ፀጉር ያነሣል፣ ከዚያ ከፊት ያለውን ቆንጥጦ ይለቀዋል። ዘልሎ ይቆማል። ደጋግሞ። ከበስተኋላው የሴት ድምፅ፦ አያችሁ ውዶቼ፣ ፀጉር ማስተከል እንዲህ ነው የሚያደርጋችሁ፤ ከምትበላሹ ወደ እኛ ኑ፣ በቅጥያ እንሸፍንላችኋለን።

ከግራ ጆሮ ጀርባ ጠባሳ አለ። ልጅ ሆኜ ሐዲዱ ላይ ወድቄ የተሰፋሁት።

ድምፁ የሰኒ ነው።

ከሥር አስተያየቱን አነበብኩ። ከፊት በግ ከኋላ ፈረስ ብሎ የጻፈ አለ። የሳቀበት ሰው ብዛት። ሐያት ምነው፣ ፊትሽ ጠቆረ አለች። ሽንኩርቱ ነው አልኩ። ሽንኩርት አልነበረም ሳህኔ ላይ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ። ጠዋት 12

ትናንት ሄድኩ። ሁለት ቀን ራሴን ያዝኩ፣ ትናንት ግን ከሰርቪስ በሰቃ ላይ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። ብቻዋን ነበረች፣ ፎጣ ታጥፋለች። እንደሁልጊዜው ልትስመኝ መጣች።

«ቪዲዮውን አየሁት» አልኳት።

አልካደችም። ፎጣውን አስቀመጠች።

«ፊትሽ አይታይም እኮ።»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ያውቃል ትርሲ? ጠባሳሽን የምናውቅ እኔና እናትሽ ነን።»

ደንበኛ እየቀነሰብኝ ነው አለች። በዚህ መንገድ ብቻ ሦስት ፀጉር ቤት ተከፍቷል። የቀሩትም ማስተከል፣ ማስተከል ይሉኛል። ሰው እንዲያውቅ ብዬ እንጂ አንቺን ለመጉዳት አይደለም። እውነት እንኳ ቢሆን፣ ጠይቂኝ እንጂ አልኳት። አንድ ቃል። ምናልባት እሺ እል ነበር! አላውቅም፣ አልልም ነበር።

ልወጣ ነበር። ፎቶው ትዝ አለኝ። የሰርጉን አውጥቼ ከፊቷ አደረግኩት።

«የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። አንቺ ነሽ የሠራሽኝ። አይተሽው ነበር?»

ንጹሑን ካስክ በፎጣ መጥረግ ጀመረች።

«አይቼዋለሁ» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ልበልሽ? ላላ አድርጌ ስሠራሽ ቶሎ ይበተናል፣ አጥብቂው የምትዪኝ አንቺ ነበርሽ።» ብያለሁ። እውነቷን ነው፣ ብያለሁ። «ደግሞ…» አለችና ቆመች። «አንቺ ብትተዪኝ ማን ይመጣል? ያንቺን ፀጉር ከበር ላይ አይተው ነው ሰዎቹ የሚገቡት። ያኔ ከአንቺ ሌላ ምን ነበረኝ?»

አሥራ አራት ዓመት። ጓደኛ ነኝ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበሯ ላይ ስቀመጥ፣ ለካ ማስታወቂያ ነበርኩ። በየሳምንቱ እየነቀለችኝ። እያየች።

ስትጠራኝ ዞር አላልኩም። ባጃጁ ውስጥ አለቀስኩ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰልኝ፤ ደግ ሰው ነው።

ኅዳር 6፣ እንደገና። 6 ሰዓት

በቃ። አልቋል። ስሟን እዚህ ደብተር ላይ አልጽፍም።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ። 9 ሰዓት

ጻፍኩት። ሰኒ ቪዲዮውን አጥፍታዋለች። የድምፅ መልእክት ልካለች፣ አራት ደቂቃ። አልከፈትኩትም። አላጠፋሁትምም።

ቪዲዮው መጥፋቱን የነገረችኝ ሐያት ናት። ናሙና ልትሰጠኝ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ መሬት መሬት እያየች፦ «ያን ቀን አላወቅኩም ነበር፣ ወላሂ። ማግሥቱን መረብሽን ስትቀይሪ ጠባሳውን አየሁት።» ለማንም አልተናገረችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ። እንዲያውም ቪዲዮው ሥር የሚሳለቁትን አንድ በአንድ ስትከራከር ነበር የከረመችው፤ አሳየችኝ። ሰው አይሳቅበትም እያለች። በራሷ ስም።

ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የማውቃት አጋለጠችኝ፤ ከምሳ ሰዓት ውጪ የማላውቃት ሸፈነችኝ። ሰው እንዴት ነው የሚታወቀው?

ሻሽ አስተሳሰርሽ ግን ያሳፍራል አለችኝ ስትወጣ። እኔ አስተምርሻለሁ። ሳቅኩ። በወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ። ጠዋት 12፡30

ሰባት ወር። አሁንም በጣት። ትንሽ ረዝሟል፣ ክብደቱ ጎንበስ ማድረግ ጀምሯል። ለሰለሰ? አላውቅም። አንዳንድ ጠዋት አዎ። ዛሬ አይደለም። ሁሉንም ላጭቼው ከፊትም ከኋላም እኩል ይብቀል እላለሁ። እማዬ በስልክ ሰምታ ጮኸች። ሴት ፀጉሯን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው፣ በቁሜ ልታሟርቺብኝ ነው ወይ?

ታርቀናል እኔና እማዬ። ባለፈው እሑድ አራት ፎቅ ደረጃ እያማረረች ወጥታ መጣች። ኮንዶሚኒየም የሠራውን ሰው ረገመች፣ ውኃ ጠጣች፣ ከዚያ ፊቴ ተቀምጣ የያዘችውን ቅቤ ግንባሬን ቀባችው። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ቀባችኝ። «ግትር ነው» አለች ፀጉሩን። «እንደባለቤቱ።»

መቼም ሙሉ ደስታ የለም። ልትሄድ ስትል፣ ሰናይት እኔ ጋ መጥታ ነበር አለችኝ። አልቅሳ። ምሳ አብልቻት ሄደች። ምሳ! አንቺም? አልኳት። የኔን ነውር ሕዝብ ፊት ለዘረገፈች ሴት ምሳ? እማዬ ጫማዋን እያደረገች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ቤቴ በልታለች፣ ዛሬ ተርባ ትሂድ? አለች። ግን ያናድደኛል። አሁን ስጽፈው እንኳ ያናድደኛል።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ። 7 ሰዓት

ዛሬ ገብርኤል ነው። ሰዉ ግቢውን ሞልቶታል። ከሰኒ ጋር እንዳልገናኝ ብዬ በወንዶቹ በር በኩል ገባሁ። ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ቀሚሴን ከኋላ የሚጎትት ነገር። ሶልያና። የሰኒ ልጅ። ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ፣ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለት ወር ሊሞላ ነው ካየኋት፤ እናቷን ስቀየም እሷንም ጥያት ሄድኩ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ለምን አትመጪም አለችኝ። ሥራ በዛብኝ አልኩ። ልጅ ፊት መዋሸት ቀላል ነው፣ ያሳፍራል እንጂ።

ሰኒ ራቅ ብላ ጥላ ሥር ቆማ ነበር። አየችኝ። አልመጣችም። ልጅቷን እንድትመጣ የለቀቀቻት እሷ ትመስለኛለች።

ተንበርክኬ ሳምኳት። ለበዓሉ ተሠርታለች። ቀጭን ቀጭን ሹሩባ፣ ወደ ላይ ተጎትቶ አናቷ ላይ የታሰረ፣ በጫፉ ዶቃ። ታምራለች። ዓይኖቿ ወደ ጎን ተወጥረዋል። ያምማል? አልኳት።

«ትንሽ» አለች። «እማዬ ካላጠበቅኩት ይበተናል ትላለች። ሌሊት በጀርባዬ ነው የተኛሁት። ያምራል አይደል?»

ያምራል አልኩ። ከዚያ ጆሮ ግንዷን አየሁት።

ነጫጭ ነጥቦች፣ በየሹሩባው ሥር። ቆዳው ተነሥቶ። ከፊት፣ ዳር ዳሩን፣ ፀጉሩ ሳስቷል፤ አጫጭር የተበጠሱ ብቻ ቀርተዋል። ጣቴን አስጠጋሁ፣ ሸሸችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው። እኔን ሃያ ዓመቴ ላይ ነው የጀመረኝ።

ቀና ስል ሰኒ እያየችን ነው። ሁለታችንም አንድ ቦታ ነው የምናየው መሰለኝ። ወይም አይደለም። ምናልባት እሷ የበዓል ሹሩባ ብቻ ነው የሚታያት። ልጅቷን ወደ እናቷ ላክኋትና ወጣሁ።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ። 4 ሰዓት

ሌላ ነገር መሥራት አልቻልኩም። ልብስ ዘፈዘፍኩ፣ አላጠብኩትም።

መጀመሪያ የመጣብኝን ልንገርሽ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን? ይድረስባት አልኩ። የራሷ እጅ የራሷን ልጅ ይንቀልባት፣ ትየው። ይሄ ነው ያሰብኩት። ረጅም ጊዜ ሳይሆን አንድ ሻይ እስክጠጣ ድረስ። ከዚያ አፈርኩ።

ከዚያ ደግሞ፦ ምን አገባኝ? ሙያዋ ነው፣ ከእኔ በላይ ታውቃለች። አይታዋለች። ካላየች ደግሞ ሐኪም ይንገራት። ሐያት ደወለች፣ ጠየቅኳት። ሌላ ልጅ ብትሆንስ ለእናቷ ትነግሪ ነበር? አለችኝ። አዎ አልኩ። ታዲያ? አለች። ያቺ ልጅ ብዙ አትናገርም።

የድምፅ መልእክቱን ዛሬ ከፈትኩት። አራቱንም ደቂቃ። ይቅርታ ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ ደንበኛ ሲገባባት ታቋርጣለች፣ ትመለሳለች። መጨረሻ ላይ፦ ያኔ ብነግርሽ ኖሮ ትቆጪ ነበር፣ ትሄጂ ነበር፣ ግን ፀጉርሽ ይተርፍ ነበር፤ ፈራሁ አለች። ቢያንስ አወቀችው። ለእኔ ግን አልበቃኝም። ልቤ አልተፈታም፣ አልዋሽሽም። ወንበሯ ላይ ዳግመኛ የምቀመጥ አይመስለኝም።

ግን የዛሬ ሰባት ዓመት አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ቢነግረኝ ምን እሆን ነበር? እሷ ዝም ብላ አየችኝ። እኔም ትናንት ያምራል ብዬ ዝም አልኩ። ልጅቷን ስሜ፣ እያየሁ፣ ያምራል ብዬ።

ነገ ከሥራ ስወጣ በሰቃ ላይ እወርዳለሁ። ሰኞ ደንበኛ የላትም። ለእርቅ አይደለም። አልቀመጥም፣ ሻይም አልጠጣም። በር ላይ ቆሜ የሶልያና ፀጉር እየሸሸ ነው፣ ዛሬውኑ ፍቺላት እላታለሁ። ልጄን ተያት ብትለኝ ትበል። ብትሰድበኝ ትስደበኝ። የክርስትና እናቷ ነኝ፤ እሷ ካልፈታችላት ቁጭ ብዬ ራሴ እፈታላታለሁ።